ለሰኔ ሚካኤል የጠመቅኩት ጠላ

አፌ ነው ጉድ የሠራኝ። ያኔ ድሬዳዋ ከገባሁ ሦስት ወር እንኳ አልሞላኝም፤ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው። ባሌ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ከደጋ የመጡ የባቡር ሠራተኞች በወር በወሩ የሚጠጡት የሚካኤል ማኅበር አባልም ነው። የግንቦት ሚካኤል ዕለት ይዞኝ ሄደ። ተረኛዋ ሴት ጠና ያለች የባቡር ነጂ ሚስት ናት፤ ገምቦዋን ይዛ እየዞረች ጠላ ቀዳችልን። ቀጠን ያለ ጠላ ነበር። አንዴ ተጎነጨሁና አጠገቤ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብዬ፣ «እኛ አገር ይሄን ቅራሪ ነው የምንለው» አልኳት።

ቅራሪ ማለት ዋናው ጠላ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮበት ለልጆች የሚሰጠው ነው። በሹክሹክታ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔ ሹክሹክታ አላውቅበትም። የቄሱ እንኳ ዳቦ የያዘ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ገምቦዋን አስቀመጠችና የሚቀጥለው ወር ጽዋ የማን እንደሆነ ጠየቀች። የባሌ ነበር።

«እሰይ» አለች እያየችኝ፤ «ሰኔን ያድርሰንና ያንቺን እንቀምሳለን።»

ባሌ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ታቅፎ ወደ ቤት ይዞኝ ሄደ። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ፣ «መጥመቁን ታውቂበታለሽ አይደል?» አለኝ። «እንዴ! ምን ማለትህ ነው?» አልኩት ቆጣ ብዬ። እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ በሕይወቴ አንዲት ጣሳ ጠላ ጠምቄ አላውቅም። እናቴ በአገሩ ላይ የታወቀች ጠማቂ ነበረች፤ እኔን ግን ጋን አጠገብ ድርሽ እንድል አትፈቅድም። እጄ አያርፍም፤ የተከደነ ነገር ሁሉ ካልከፈትኩ፣ የተጣደ ነገር ሁሉ ካላማሰልኩ አይሆንልኝም። «አንቺ ያየሽው ጠላ ያፍርሻል» እያለች ታባርረኝ ነበር። ስለዚህ የማውቀው ሁሉ በር ላይ ቆሜ ያየሁት ነው።

ያን ሳምንት ቁጭ ብዬ አላውቅም። ድሬ ያኔ እኔን አልወደደችኝም፤ እኔም አልወደድኳትም። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይንጣጣል፤ ውሃው ማንቆርቆሪያው ውስጥ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ነገር ይጋግራል፤ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ይውላል። ከቤት እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ደጁን ጠርጌ ስጨርስ እንደገና እጠርጋለሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር ሲጮህ ደግሞ መጥረጊያዬን ጥዬ በር ላይ እቆማለሁ። በልቤ ነገሩን ጨርሼው ነበር፦ ጠላው ከተበላሸብኝ የማኅበሩን ሰው ፊት አላይም፤ ሳጥኔን ይዤ ባቡር ላይ እወጣለሁ፤ ባሌም ከፈለገ ተከትሎኝ ይምጣ፣ ካልፈለገ ይቅር።

ግንቦት አሥራ አምስት ቀን ጀመርኩ። ጌሾና ብቅል ከቀፊራ ገበያ ገዛሁ። ጋኑን አጥቤ በወይራ ጭስ አጠንኩት። የጌሾውን ቅጠል ወቅጬ በውሃ ጠነሰስኩና እንደ እናቴ ሦስት ቀን ቆጠርኩ። ከዚያ ብቅሉንና የተቆራረሰ ቂጣ ጨመርኩ፤ ሁለት ቀን ቆጠርኩ። ከዚያ እንኩሮውን፣ ማለት ዱቄቱን በውሃ እርጥብ አድርጌ እስኪጠቁር ቆልቼ፣ ጨመርኩና ደፈደፍኩት፤ የጋኑን አፍ በጭቃ መረግኩት። አሁን የቀረው ስምንት ቀን መጠበቅ ነው። እናቴ በዚህን ጊዜ የምታደርገውን አስታወስኩ። ጋኑን ምድጃው አጠገብ ታስጠጋና ብርድ እንዳይመታው በአሮጌ ጋቢ ጥቅልል ታደርገዋለች። እኔም የባሌን ጋቢ አወጣሁና ጋኑን ከአንገቱ እስከ እግሩ ጠቀለልኩት። ግንቦት ወር ላይ፣ ድሬዳዋ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ምድጃ ሥር። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ግቢያችን ውስጥ አራት ቤት ነበር፤ የእኛን ቤትና የጎረቤቴን ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ጎረቤቴ በእናቴ ዕድሜ ያለች ባሏ የሞተባት ኦሮሞ ናት፤ አገሯ ጀልዴሳ ነው። ወንድሟ ከላሞቹ በየማለዳው ወተት ይልክላታል፤ እሷ በቅል አድርጋ ከተማ ውስጥ ትሸጣለች። መጀመሪያ ያገኘኋት ቀን ጎንበስ ብዬ፣ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» ብላት ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። «ማንን ነው የምትይው? እኔ ስንት ነኝ?» አለችኝና ሳቀች። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ እናትም አንቺ ናት፣ ሹምም አንተ ነው። እኔ ግን ለሳምንታት አፌ እየተሳሰረ «እርስዎ» ማለቴን አልተውኩም።

ጋኑን ከመረግኩ በሦስተኛው ቀን የወተት ቅሏን ይዛ ስታልፍ በራችን ክፍት ነበር። በጋቢ የተጠቀለለውን ነገር ከሩቅ አየችና ቆመች።

«ኢንታላ፣ ማን ታመመብሽ?»

ኢንታላ በኦሮምኛ ልጅቷ ማለት ነው፤ እስክትሞት የጠራችኝ በዚሁ ነው። ማንም እንዳልታመመ፣ ጠላ እንደሆነ ነገርኳት። አፍንጫዋን ወደ ላይ አነሳች፣ ትንሽ አሸተተች።

«አቦ፣ ይሄ ነገርሽ ደርሷል። እንዲያውም እያለፈ ነው። ጋቢውን ጣይለት።»

«ገና አምስት ቀን ይቀረዋል፣ እትዬ» አልኳት ፈገግ ብዬ። በልቤ ግን፣ ጠላ ቀምሳ የማታውቅ እስላም እኔን ጠላ ልታስተምረኝ ነው እንዴ ብዬ ተቆጣሁ። ጋቢውንም አጥብቄ አሰርኩት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ከጥጉ ቡፍ የሚል ድምፅ መጣ። ምርጊቱ ተፈንቅሎ መሬት ላይ ወድቋል፤ ድፍድፉ በጋኑ አንገት፣ በጋቢው፣ በግድግዳው ላይ ይፈስሳል። ሮጬ በእጄ ልደፍነው ሞከርኩ። ከዚያ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። ኮምጣጤ ሆኗል። ያም ሆኖ ምናልባት ውሃ ሲጨመርበት ይስተካከላል ብዬ እንደገና ደፍኜ ተውኩት፤ ግን አልቻልኩም፣ በየሰዓቱ እየከፈትኩ ቀመስኩት። በከፈትኩት ቁጥር ይብስበታል። ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ቀን ባሌ ሥራ ሲሄድ ጠብቄ በባልዲ እያመላለስኩ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ደፋሁት። ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነበር፤ ሽታውን ግን በምን ልሸፍነው? ሰፈሩ በሙሉ ሲያሸት ዋለ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ያለቀስኩትን ማልቀስ እኔ ነኝ የማውቀው። ባሌ ጋቢውን አይቶ ራሱ አጥቦ አሰጣው፤ ያ ደግሞ የባሰ አንገበገበኝ። ሰኔ ሦስት ቀን ጠዋት በጣቴ ቆጠርኩ። ዛሬ ብጀምር በእናቴ ቁጥር አሥራ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ለሚካኤል የቀረኝ ዘጠኝ ነው። አይደርስም። ሳጥኔን አወጣሁና ልብሴን መክተት ጀመርኩ። በሩን መዝጋት ረስቼዋለሁ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ ጎረቤቴ፣ ደፉ ላይ ቆማ።

«አገሬ» አልኳት። አንቱታውንም ረሳሁት። «ጠላው አይደርስም። እዚህ አገር ምንም ነገር አይሆንም። ሁሉ ነገር ይበሰብሳል።»

ሳጥኑን አየችው። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ስሚኝ» አለች፤ «እኔ በዚህ ሙቀት ሃያ ዓመት ወተት ሸጬያለሁ። አንድ ቀን ኮምጥጦብኛል? ያንቺን ነገር አልነካም፣ አልቀምስም፣ ቤቱም አልገባም፤ ሀራም ነው። ሙቀት ግን ሀራም አይደለም። ስለ ሙቀት እነግርሻለሁ።»

«ቀኑ አልቋል እኮ!»

«ቀን አትቁጠሪ። ደጋ ያለው ቀንና እዚህ ያለው ቀን አንድ ነው እንዴ?»

ሳጥኑን ከነልብሱ አልጋ ሥር ገፋሁት። አላወጣሁትም፤ በልቤ ገና መንገደኛ ነበርኩ።

መጀመሪያ ያዘዘችኝ ስለ ውሃው ነው። ቀድቼ በእንስራ ላሳድረው፣ ኖራው ወደ ታች ይቀመጥ፣ ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ ብዬ ልገልብጥ። ቀጥሎ ከደቻቱ አሸዋ አስመጣችኝ፤ በእንቅብ እየተሸከምኩ ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ግቢያችን ውስጥ ካለው የሮቃ ዛፍ ሥር፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከማይደርስበት ጎን፣ ጉድጓድ አስቆፈረችኝ። ጋኑን እስከ ትከሻው ቀብሬ ዙሪያውን አሸዋ ሞላሁ፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ በላዩ እርጥብ ጆንያ። ወተቷን የምታስቀምጠው እንዲሁ ነበር፤ የሷ ጉድጓድ ከዛፉ ማዶ ነው። ባሌ ከሥራ ሲመለስ ጉድጓዱን አየና፣ «ጋኑን ቀበርሽው?» አለኝ። «አዎ፣ ቀበርኩት» አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ገባ።

አዲሱ ጥንስስ በሁለት ቀን ደረሰ። ብቅሉንና ቂጣውን ጨምሬ ሌላ ሁለት ቀን። እንኩሮውን ከጨመርኩና አፉን ከመረግኩ በኋላ ነው ችግሩ የመጣው፤ ምክንያቱም አሁን የቀረው ሥራ አለመንካት ነው፤ እኔ ደግሞ አለመንካት አልችልም። ጠዋት ተነስቼ ወደ ዛፉ፣ ሽሮ አማስዬ ወደ ዛፉ፣ ልብስ አጥቤ ወደ ዛፉ። ጣቴ ወደ ምርጊቱ በሄደ ቁጥር ከማዶ፣ «ዲሲ! ተይው!» ይላል ድምፅዋ። አንዴማ ዱላ ይዛ መጣችና የእጄን አንጓ ነካ አደረገችኝ፤ ከዱላው በቀር ወደ ጋኑ አልተጠጋችም።

«እንዴት ነው ታዲያ የማውቀው? ካልቀመስኩ እንዴት ነው የማውቀው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ጆሮሽን አስጠጊ» አለችኝ።

እሷ አምስት እርምጃ ርቃ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ጆሮዬን ምርጊቱ ላይ አደርጋለሁ። «ምን ይላል?» ትለኛለች። መጀመሪያ ቀን፣ ምድጃ ላይ እንደ ተጣደ ሽሮ ይንተከተካል አልኳት። «ይሥራ፣ ተይው» አለችኝ። በማግስቱም ያው ነው። በሦስተኛው ቀን እየራቀ ሄደ፤ አሁን አንድ ጊዜ ጠብ፣ ዝም፣ እንደገና ጠብ። እንደዚያ ሆኜ አዳምጬ አላውቅም። ትንፋሼን መያዝ ነበረብኝ፤ ባቡሩ ሲጮህ እንኳ አላስተዋልኩትም። በአራተኛው ቀን፣ ሰኔ አሥራ አንድ፣ «በስንት ጊዜ አንዴ ነው ጠብ የሚለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ስጨርስ።»

«ዛሬ ነው። ዛሬ ክፈቺው።»

እንደ እናቴ ቢሆን ገና አራት ቀን ይቀረው ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ክፈቺው የሚለኝ ሰው ስፈልግ ኖሬ፣ ክፈቺው ስባል ፈራሁ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሽታው እንዳይደርሳት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ከፈትኩት። ቀመስኩ። ምን ልበላችሁ፣ እናቴ ቤት የነበረው ወፍራሙ ጠላ አይደለም፤ ቀጠን ያለ፣ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ንጹሕ ጠላ ነው። ደነገጥኩ። ያን የግንቦቱን፣ ቅራሪ ያልኩትን ይመስላል። ያቺ የባቡር ነጂ ሚስት ጠላዋን በዚያ መንገድ የጠመቀችው ስላላወቀች ሳይሆን ስላወቀች ነበር። ማፈሬን ያየ ሰው አልነበረም እንጂ ፊቴ ቀልቷል። ውሃውን ሞልቼ አሳደርኩት፤ ጠዋት ጠለልኩት።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ቤታችን ጢም ብሎ ሞላ። ጾም ስለገባ ወጡ የምስርና የሽሮ ነው፤ ንፍሮው፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ቄሱ ባረኩ። ሁሉም የሚያየው ግን ገምቦዬን ነው። መጀመሪያ ለቄሱ ቀዳሁ፣ ቀጥሎ ለሙሴው፣ ማለት ለማኅበሩ አለቃ፣ ከዚያ ለዚያች ሴት። አፏ ላይ አድርጋ አቆየችው። ግማሹን ጠጣች፤ እጇን ዘርግታ እንድሞላላት ሰጠችኝ።

«ይህቺ ልጅ» አለች ለሰው ሁሉ እንዲሰማ፤ «እኔ እዚህ አገር ሦስት ጋን ደፍቼ የተማርኩትን በአንድ ወር ተማረችው። ከደጋ መጥቶ እንዲህ የሚጠምቅ አላየሁም። ማን አስተማረሽ?»

ከጀርባዬ ያለው ስስ ግድግዳ ትዝ አለኝ። ጎረቤቴ ከሰዓት በኋላ በዚያ በኩል ጥላው ውስጥ በርጩማዋ ላይ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ። የሁሉም እጅ ላይ ጠላ አለ፤ ክርስቲያንና እስላም ደግሞ አንዱ የአንዱን ሥጋ አይበላም፤ እስላም ያለችበት ጠላ ነው ብል ስንቱ ብርጭቆውን እንደሚያስቀምጥ፣ ስንቱ እንደሚያሾፍ፣ ባሌ ወዴት እንደሚያይ በአንድ ጊዜ ታየኝ።

«እናቴ ናት» አልኩ።

«እናትሽን ያኑርልን» አሉ ቄሱ። ሁሉም አሜን አለ። ባሌ ጥግ ቆሞ ከመጣሁ ወዲህ አይቼው በማላውቀው ፈገግታ ፈገግ አለ። ከግድግዳው ወዲያ በርጩማ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ጠላ ልቀዳ ወደ ጓሮ ስወጣ ቦታዋ ባዶ ነበር።

ሰው ሁሉ አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ቀን የከፋ ጭንቀት አላውቅም። ሦስት ቀን በሯ አልተከፈተም፤ ወይም እኔ ሳልኖር ትከፍታለች። ሄጄ ልንገራት እላለሁ፣ ደፏ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ። ጋኑን አጠብኩት፤ ደግሜ አጠብኩት። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል አይዞሽ ያለችኝን አንዷን ነው የካድኩት። በአራተኛው ቀን በሯ ክፍት ሆኖ አገኘሁት፤ የወተት ቅሏን በእንጨት ጭስ እያጠነች ነበር። ሳላስበው ሮጬ ገብቼ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ።

«ተቀይመሽኛል» አልኳት።

«ለምን?»

«ያን ቀን እናቴ ናት ስል ሰምተሽ የለ? አንቺን ነበር መጥራት የነበረብኝ። ፈራሁ። ሰዎቹን ፈራሁ። ይኸው አሁን ሄጄ በየቤታቸው እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬውኑ።»

ቅሉን ጣለችው። ብድግ ብላ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ብለሽ እንዳትሞክሪው!» አለችኝ። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «ያን ቀን ከግድግዳው ሥር ብቻዬን አልነበርኩም። ወንድሜ ከጀልዴሳ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ያቺ ሴትዮ ማን አስተማረሽ ስትል ወላሂ ልቤ ቆመ። ስሜን ብትጠሪው አልቆልኝ ነበር። ላሞቹ የሱ ናቸው። ጠላ ስታስጠምቅ ከዋለች ሴትስ ማን ወተት ይገዛል? እናቴ ናት ስትይ አላህን አመሰገንኩና ተነስቼ ይዤው ሄድኩ፣ ሌላ ነገር ሳይሰማ። ሦስት ቀን እሱ ዘንድ ነው የሰነበትኩት።»

እኔ ሳጥኔንና የማኅበሩን ሴቶች ፊት ሳስብ፣ እሷ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንጀራዋን አስይዛ አምስት እርምጃ ርቃ ተቀምጣ ኖራለች። አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም።

«ታዲያ ለምን ረዳሽኝ?» አልኳት በመጨረሻ።

ቅሉን አነሳች፣ ስንጥቅ እንዳለው አገላብጣ አየችው፣ ወደ ጭሱ መለሰችው።

«ግድግዳው ስስ ነው፣ ኢንታላ» አለችኝ፤ «ስታለቅሺ ሁሉም ይሰማኛል። እኔም እዚህ ስመጣ እንዳንቺው ነበርኩ፤ ከግድግዳው ወዲያ ግን የሰማኝ ሰው አልነበረም።»

በሚካኤል አስማለችኝ፤ በሷ ሃይማኖት ሳይሆን በእኔ፣ እንዳላፈርሰው። በሕይወት እያለችም ሆነ ከሞተች በኋላ በዚህ ነገር ስሟን ላላነሳ ማልኩላት። ያን ዕለት ማታ ሳጥኔን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ልብሴን ግድግዳው ላይ ባሉት ሚስማሮች ሰቀልኩ።

ከዚያ በኋላ ድሬ ላይ ልጆች ወለድኩ፣ ባል ቀበርኩ፣ ለስንት ሠርግና ለስንት ተዝካር ጠመቅኩ። ከደጋ ለሚመጡ ሙሽሮች አሸዋውንና ጆሮ ማስጠጋቱን አስተምሬያለሁ፤ ማን አስተማረሽ ሲሉኝ እናቴ ናት እላለሁ። እናቴ ራሷ አንድ ጊዜ በባቡር መጥታ፣ ሁለት ብርጭቆ ጠጥታ፣ «እኔ አላስተማርኩሽም፤ ማን ነው?» ብላ አፋጠጠችኝ። ጎረቤቴ ወተት ይዛልን መጥታ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። ለእናቴም ዋሸሁ።

ጎረቤቴ ከሞተች ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ ልጆቿ ግን ዛሬም እዚያው ከተማ ወተት ይሸጣሉ። ስሟን እዚህም አልጽፈውም።